«ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?»



በየሳምንቱ በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ መልኩን እየለዋወጠ ይመጣል። «ዶክተር፣ ጸበል ልገባ ነው፤ የግፊት መድኃኒቴን ላቁም ወይ?» «የጥቁር አዝሙድ ዘይት ከስኳር መድኃኒት ጋር ይሄዳል?» «እናቴ ሽፈራው ጀምራ ክኒኑን እምቢ አለች፤ ምን ላድርግ?» አንዳንዱ ጠያቂ ገና ሳልመልስለት ይቅርታ ይጠይቃል። «እንደማይወዱት አውቃለሁ፣ ግን...» ይላል። ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጽፍ የተነሣሁት በዚህች «ግን» ምክንያት ነው።

አስቀድሜ ልናገር፤ እኔም ያደግሁት በዚሁ ነው። ጉንፋን ሲይዘን እናታችን ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ፣ በእጇ አሽታ፣ ጭማቂውን ቡና ላይ ጠብ አድርጋ ታጠጣን ነበር። ሆዳችንን ሲነፋን ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ከዛፍ ወድቄ ክርኔ ሲወልቅ የመለሰልኝ የሰፈራችን ወጌሻ ነው፤ እስከ ዛሬ በዚያ እጅ ነው የምጽፈው። ስለዚህ የባህል ሕክምናን ሁሉ በጅምላ የሚያጣጥል ጽሑፍ ለማንበብ የመጣ ሰው ካለ እዚህ አያገኘውም። በጅምላ የሚያሞግስም እንዲሁ።

ዘመናዊው ሕክምና ራሱ ከዕፀዋት ብዙ ወስዷል። ለወባ የምንሰጠው አርቴሚሲኒን የተገኘው ቻይናውያን ለትኩሳት ሲጠቀሙበት ከኖሩት ተክል ነው፤ ያወጣችው ሳይንቲስት ቱ ዮዮም እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝታበታለች። ሚሊዮኖች በየቀኑ የሚውጡት የስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚንም የዘር ሐረጉ አውሮፓውያን ለስኳር ምልክቶች ይሰጡት ከነበረ ቅጠል ይመዘዛል። ልዩነቱ ያለው ልኩ ላይ ነው። ኮሶን እንውሰድ። የኮሶ አበባ ትሉን ያስወጣል፣ ይህ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከየዛፉ፣ ከየወቅቱ፣ ከየእፍኙ የሚገኘው ኃይል ይለያያል፤ ትሉን የሚገድለው መጠንና ሰውየውን የሚጥለው መጠንም ተቀራራቢ ናቸው። ኮሶ ጠጥቶ ቀኑን ሙሉ ሲያስመልሰው የዋለ፣ ዓይኑ የፈዘዘበት ሰው አለ፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጽንስ እስከ ማስወረድ ሊያደርስ ይችላል። ዛሬ ግን ለዚያው ትል የተመጠነ ክኒን አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ተውጦ ያበቃል።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ተመላላሽ ክፍል ስንቀመጥ ሁላችንም «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብለን እንጠይቃለን። መልሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «የለም» ነው። ታካሚው እየዋሸ አይደለም። በእሱ ቋንቋ መድኃኒት ማለት ከፋርማሲ የተገዛ ነገር ነው። አብሽ ምግብ ነው። ጸበል እምነት ነው። ጤና አዳም የጓሮ ተክል ነው። የጎረቤት ዱቄት ደግሞ «እንዲሁ ለመሞከር» ነው። በካርዱ ላይ «የለም» ተብሎ ይጻፋል፤ ሐኪሙም ያንን አምኖ ያዛል። እኔ አሁን የምጠይቀው «ጠዋት እህል ሳይቀምሱ ምን ይጠጣሉ? ጸበል ገብተዋል? ሰው የሰጠዎት ቅጠል ወይም ዱቄት አለ?» ብዬ ነው። እንዲህ ሲጠየቅ ሰው ይፈታል።

«የለም» የሚለው ቃል ምን ሊያመጣ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። (የታካሚዎቼ ማንነት እንዳይታወቅ ዝርዝሮችን እቀይራለሁ።) በፍልሰታ ጾም አንዲት እናት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ በልጃቸው ተደግፈው ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ላብ አጥምቋቸዋል፣ ንግግራቸው ተሳስሯል፣ ልጃቸውን በስሙ አይጠሩትም። ልጁ «ስትሮክ ነው መሰለኝ» እያለ ይንቀጠቀጣል። ነርሷ ጣታቸውን ወግታ ስትለካ ስኳራቸው 34 ሆኖ ተገኘ። ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው፤ ከ54 በታች አንጎልን የሚያውክ አደጋ ነው። ግሉኮስ በደም ሥር በተሰጣቸው በደቂቃዎች ውስጥ ዓይናቸውን ገልጠው ዙሪያቸውን ካዩ በኋላ «ቅዳሴው አለቀ?» አሉ።

ካርዳቸውን አወጣን። ስምንት ዓመት የስኳር ታካሚ ናቸው፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ይወስዳሉ። «ሌላ መድኃኒት» የሚለው ቦታ በየቀጠሮው «የለም» ይላል። ቀስ ብዬ ስጠይቃቸው ግን ነገሩ ወጣ። ሱባኤ ገብተዋል። ጎህ ሲቀድ ጸበል ይጠጣሉ። እህል የሚቀምሱት ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ነው። ማታ የተዘፈዘፈ አብሽ ደግሞ «ስኳር ያወርዳል» ብላ ጎረቤታቸው ስለመከረቻቸው በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ ይጠጣሉ። ክኒኑንስ? «እሱንማ አንድ ቀን አላጓደልኩም ልጄ፤ እንዳታቋርጪ ብላችሁኝ የለም እንዴ?»

እዚህ ላይ ቆም በሉ። እኒህ እናት መድኃኒት አላቋረጡም። የተባሉትን በትክክል ፈጽመዋል። ጉዳቱ የመጣው ሦስቱ ነገሮች ተገናኝተው ሳለ መገናኘታቸውን የሚያውቅ አንድም ሰው ባለመኖሩ ነው። ግሊቤንክላማይድ ሰው በላም አልበላም ጣፊያ አካባቢ ያለውን ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያስገድድ መድኃኒት ነው፤ ጉልበቱም እስከ 24 ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል። ለዚህም ነው «ነቅተዋል፣ ቤት ይሂዱ» ሳንል አሳድረን የጠበቅናቸው። አብሽ ደግሞ በራሱ ስኳርን በመጠኑ ይቀንሳል። በዚህ ላይ እህል ሳይቀመስ የሚዋልባቸው ሰዓታት ተጨመሩበት። ሜትፎርሚን ብቻውን ቢሆን ኖሮ ስኳራቸውን ያን ያህል ባላወረደው ነበር።

ልጁ በጣም ተቆጣ። «ከእንግዲህ ቤተ ክርስቲያን አትሄድም!» አለ። እኔ በዚህ አልተስማማሁም። ምክንያቴም ቀላል ነው፤ እንደሚሄዱ አውቃለሁ። ብከለክላቸው በሚቀጥለው ዓመት ያው ይደረጋል፣ ያን ጊዜ ግን ለእኔም ለልጁም አይነገርም። ስለዚህ ከጾሙ በፊት እንዲመጡ ቀጠሮ ሰጠኋቸው። ግሊቤንክላማይድን ስኳር በድንገት በማይጥል ሌላ መድኃኒት ቀየርንላቸው። መለኪያ ተገዛላቸው፤ ቀን 6 ሰዓት ላይ ይለካሉ፣ ከ70 በታች ካዩ ጾሙን ያፈርሳሉ፣ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃም በእጃቸው ይኖራል። የንስሐ አባታቸውንም እንዲያማክሩ ነገርኳቸው። እሳቸውም ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀልለት አስረዷቸው። አብሹን? እሱን በወጥ ውስጥ እንዲተዉት፣ በብርጭቆ መጠጣቱን ግን እንዲያቆሙ ተስማማን። በረመዳን የምትጾሙ ወገኖቼም ነገሩ ያው ነው፤ ጥቁር አዝሙድም እንደ አብሽ ስኳርንም ግፊትንም በመጠኑ ዝቅ ያደርጋል፣ በማንኪያ ሲወሰድ ደግሞ ከክኒኑ ጋር ይደመራል። ከወሩ በፊት ሐኪማችሁን አግኙ።

ስለ ጸበል ካነሣሁ አይቀር፣ ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱትን ዘመን ላስታውስ። በአገራችን የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በዚያን ጊዜ እንጦጦ ማርያም ጸበል ዘንድ ብዙ ሕሙማን ሰፍረው ነበር፤ መድኃኒቱን መውሰድ የእምነት ማነስ መስሏቸው የተዉም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል፣ ሁለቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ መሆናቸውን በአደባባይ ተናገሩ። የእኛ የሐኪሞች መቶ ምክር የማያንቀሳቅሰውን ሰው የእሳቸው አንድ ቃል ክኒኑን ሊያስጀምረው ይችል ነበር። ሰው ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ሲገደድ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ተስፋውን ነው፤ ሳይገደድ ሲቀር ግን ሁለቱንም ይይዛል።

አሁንም ግን ልቤን የሚያደማኝ የሚጥል በሽታ ጉዳይ ነው። አንድ የ19 ዓመት ልጅ ፌኖባርቢታል እየወሰደ ከሁለት ዓመት በላይ ሳይጥለው ቆይቶ ነበር። ዘመዶቹ ጸበል ሊያስገቡት ሲነሡ አጎቱ «ሁለት ቤት አይኬድም» ብሎ ክኒኑን ቤት አስቀረው። ልብ በሉ፣ ይህን ያለው አጎቱ እንጂ ካህኑ አይደለም። በአራተኛው ቀን ልጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አላቆመም። አንዱ ጥቃት ሳይለቅ ሌላው ሲከተል እኛ ዘንድ ሲደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖት ነበር። ይህን ዓይነት መድኃኒት በድንገት ማቆም አንጎልን ያለ ልጓም መልቀቅ ነው፤ በሐኪም ምክር እንኳ የሚቀነሰው በሳምንታትና በወራት ነው። ልጁ ተርፏል። ትምህርቱን ግን እንደ ቀድሞው መከታተል አልቻለም።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ጸበል አይግባ አልልም። ክኒኑን በኪሱ ይዞ ይግባ። ለአጥማቂውም ይነገራቸው። ሲጠመቅ አንድ ሰው በአጠገቡ ይቁም፤ ጥልቀት ያለው ውኃ ውስጥ ብቻውን አይግባ። የቲቢ መድኃኒት የምትወስዱም እንዲሁ፤ ሲሻላችሁ ያቆማችሁት ቲቢ መድኃኒት ለምዶ ይመለሳል፣ ያኔ ሕክምናው ይረዝማል፣ ይከብዳልም። የአእምሮ ሕመም መድኃኒትም ከዚሁ ይቆጠራል።

አሁን ደግሞ ማንም ወደማያስበው ነገር ልውሰዳችሁ፦ ጎመን።

በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብ ቫልቭን ያበላሻል፤ በአገራችን በዚህ ምክንያት ሰው ሠራሽ ቫልቭ የገባላቸው ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ሰዎች ቫልቩ ላይ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባል መድኃኒት ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ። በየጊዜውም አይኤንአር የሚባል ምርመራ ያደርጋሉ፤ ዝቅ ካለ ደም ይረጋል፣ ከፍ ካለ ደም ይፈስሳል። መንገዱ ጠባብ ነው። ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬን በመቃወም ሲሆን ጎመንና ቆስጣ ደግሞ በዚህ ቫይታሚን የተሞሉ ናቸው። ሽፈራውም ቅጠል ነው፤ ዱቄት ሲሆንማ ብዙ ቅጠል በአንድ ማንኪያ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ዐቢይ ጾም ገብቶ ገበታው ሁሉ ጎመን ሲሆን አይኤንአር ይወርዳል። አንዲት ታካሚዬ በየዓመቱ በዚያው ወር እየወረደባት «ክኒንሽን እየዘለልሽ ነው» ተብላ ስትወቀስ ኖራለች። አልዘለለችም ነበር፤ ጾማ ነው። ያን ስናውቅ መፍትሔው ከባድ አልሆነም። ጎመን ይከልከል አላልንም፤ ዓመቱን ሙሉ ሳይበዛም ሳይጠፋም በልክ እንድትበላ፣ ጾም ሲገባና ሲፈታ ደግሞ ምርመራውን ቀደም ብላ እንድታደርግ ተነጋገርን። በተቃራኒው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በወጥ ውስጥ ችግር የለባቸውም፤ ጥሬውን «ለደም ማቅጠኛ» ብሎ በብዛት መውሰድ ግን ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ ለመድማት ይዳርጋል። ቀዶ ሕክምና ያለባችሁም ይህን ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ተልባ ትጠጣላችሁ? ለሆድ ድርቀት ጥሩ ነው። ዝልግልጉ ግን ክኒን ይዞ እንዳይመጠጥ ሊያደርግ ስለሚችል ቢያንስ ሁለት ሰዓት አራርቁት። ማርም ለሳል መልካም ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን በጭራሽ። ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ማድረግ ሌላ፣ ቀቅሎ በብርጭቆ መጠጣት ሌላ ነው፤ ነፍሰ ጡሮች የኋለኛውን ተዉት።

«ተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውን አባባል ግን አልወደውም። እሬትም፣ አብሾም፣ የእባብ መርዝም ተፈጥሮ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ ለማቅጠኛ የተሰጠ የዕፀዋት ክኒን የብዙ ጤነኛ ሴቶችን ኩላሊት አጥፍቷል፤ በአንዱ ቅጠል ምትክ መርዛማ ሌላ ተክል ገብቶ ነበር። ኩላሊታችሁ ወይም ጉበታችሁ ከታመመ፣ የምትወስዱት ቅጠል ሁሉ በዚያ በተዳከመ አካል በኩል እንደሚያልፍ አትርሱ።

ስለ ወጌሻም ቃል አለብኝ፤ ባለውለታዬ ናቸውና። ውልቃት መመለስ የሚችሉ ጎበዞች አሉ። አደጋው ያለው አጥንት ተሰብሮ በቀርከሃ ሲታሰር ነው። የተሰበረ እጅ ያብጣል፤ እስሩ ግን አብሮት አይሰፋም። ደም ይቋረጣል፣ ሥጋው ይሞታል፣ እጅ ወይም እግር ይቆረጣል። በብዛት የሚደርሰውም በልጆች ላይ ነው። ደስ የሚለው ግን ይህ ሊቀንስ እንደሚችል በዚሁ በእኛ አገር መታየቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት በገጠር ለወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በአካባቢው ሆስፒታል በዚህ ምክንያት የሚደረገው መቁረጥ በግማሽ ያህል ቀንሷል። ወጌሾቹን የከሰሰም ያባረረም አልነበረም፤ ተቀምጠው ተነጋገሩ እንጂ። ልጃችሁ ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ሌሊትም ቢሆን እስሩን ፍቱትና ወደ ሆስፒታል ሩጡ። እስኪነጋ አትጠብቁ።

አንድ ላይ ማስኬድ የማይቻልባቸው፣ ሆስፒታሉ መቅደም ያለባቸው ጉዳዮችም አሉ። ውሻ ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ለክትባት መሄድ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ቅጠልም ክኒንም የለም ማለት ይቻላል። ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ዱቄት መጠጣት የታመመን ጉበት መደብደብ ነው። አልማዝ ባለጭራ ፊት ላይ በዓይን አካባቢ ከወጣ ዓይን ያሳጣል፤ መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ጡት ላይ የወጣ እብጠት ደግሞ ስለማያም ብቻ ቅጠል እየተለጠፈበት ስምንት ወር፣ አንድ ዓመት ይቆያል። በተነካ ጊዜ አተር ያክል የነበረው፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ ቆዳውን ሰብሮ ወጥቶ አይቻለሁ። እህቶቼ፣ ጸሎቱም ጸበሉም ይቀጥል፤ ናሙናው ግን በዚህ ሳምንት ይወሰድ።

ሐኪሞች ባልደረቦቼም ይህን ጽሑፍ እንደምታነቡ አውቃለሁ። ታካሚ ጥቁር ፌስታል ከቦርሳው ሲያወጣ ፊታችንን አናጥቁር። ያ ፌስታል ከብዙ የላቦራቶሪ ውጤት በላይ የሚነግረን ነገር አለ።

ባለፈው ወር አንድ አባት ይዘው መጥተው ነበር። አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደረደሩት፦ የግፊት ክኒናቸው፣ በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ ጸበል፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ በመጨረሻም ስም ያልተጻፈበት ቡናማ ዱቄት። «ይቺ ለጉልበቴ ናት፤ በሁለት ቀን ነው ያስነሣችኝ» አሉ። በሁለት ቀን የሚያስነሣ ቅጠል ያስጠረጥረኛል። ፊታቸው ክብ ሆኗል፣ ቆዳቸው ሳስቷል፣ ድሮ ያልነበረ ስኳር ታይቶባቸዋል። «የባህል» ተብለው በሚሸጡ የመገጣጠሚያ መድኃኒቶች ውስጥ ስቴሮይድ ተደባልቆ የተገኘባቸው አገሮች ብዙ ናቸው፤ የአባባም ምልክት በሙሉ ወደዚያ ይጠቁማል። ሊጥሉት ሲነሡ አቆምኳቸው። ስቴሮይድ ለወራት የወሰደ ሰው በአንድ ቀን ካቆመ ሰውነቱ የራሱን ማመንጨት ስለረሳ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ በዱቄቱ ምትክ የሚታወቅ መጠን ያለው ክኒን ጀመርንላቸው፤ በየሁለት ሳምንቱ እየቀነስን ነው። ጸበሉንና ዘይቱን ወደ ፌስታላቸው መልሰው፣ ዘይቱን በቀን ስንት ማንኪያ እንደሚወስዱ በካርዱ ላይ አስጻፉ። ቀጣዩ ቀጠሯቸው ሐሙስ ነው፤ ፌስታሉን ይዘው እንዲመጡ ተነጋግረናል።